የታዬ ስም ዞሮ ሲመጣ

ባለፈው ሳምንት የባለሱቁ ልጅ ሃያት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ስልኳን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ስለ አቃቂ የጉድጓድ ውኃ የጻፉ ሰው አገኘሁ። የዚህ ሰፈር ሰው ናቸው አሉ፤ የት አገኛቸዋለሁ?» ስሙን አየሁት። ታዬ ነው።

በወጣትነቴ የምሠራው ስለ ኑክሌር ሳይንስ ሰላማዊ ጥቅም የታተሙ ጽሑፎች በሚሰበሰቡበት ቢሮ ነበር። እናቴ ቦንብ እየመሰላት በየጠዋቱ ታማትብብኝ ነበር። ሥራችን ግን ወረቀት ነው። እያንዳንዱ አገር ያሳተመውን አሳጥሮ ወደ ውጭ ይልካል፤ የሁሉም ተጠራቅሞ በሲዲ ለሁሉም ይመለሳል። ሁሉም ያለውን ይዞ መጥቶ ከሁሉም እንደሚቀምስበት የሰፈር ድግስ ነው።

ታዬ የአቃቂ በሰቃ ልጅ ነበር። ከየጉድጓዱ ውኃ እየቀዳ፣ በውስጡ ባለው ተፈጥሯዊ የጨረር ምልክት የውኃውን ዕድሜ ይለካል። «የምንጠጣው እኮ ቅድመ አያቶቻችንን ያበሰበሰ ዝናብ ነው» ይል ነበር። ጥናቱ እዚሁ በአንዲት ቀጭን መጽሔት ታተመ፤ አሳጥሬ የላክሁት እኔ ነኝ። ያን ክረምት ከታክሲ ወርደን ጭቃውን እየዘለልን፣ አንድ የተጠበሰ እሸት በቆሎ ለሁለት እየፈለፈልን እንሄዳለን።

«ስሜ ዓለምን ዞሮ ይምጣ እንጂ፣ በማግስቱ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ።

«አባቴ በሲዲ ልጃቸውን አይሰጡም።»

«ከነማጫወቻው አመጣላቸዋለሁ!»

ሲዲው ሳይመጣ ቃሊቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ገጨው። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም። ድንኳኑ ውስጥ እናቱ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ በምን ወግ ላልቅስ? ሚስቱ አይደለሁ፣ ሽማግሌ አልተላከብኝ። ከጎረቤት ሴቶች መሃል ተቀምጬ የሥራ ባልደረባ ለቅሶ አለቀስኩ።

ሲዲው በመስከረም መጣ። «አቃቂ» ብዬ ስፈልግ ስሙ ወጣ፣ ከስንቱ አገር ሰው ጋር ተሰልፎ፣ ምንም እንዳልሆነ። ከዚያ ከማላውቃቸው አገሮች ይጽፉለት ጀመር፤ ደህንነቱን ይጠይቁታል፣ ቀጣዩን ጥናት እንጠብቃለን ይሉታል። መልስ መጻፍ የኔ ሥራ ነበር።

በኋላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁም። ይኼ ግን አልሻረልኝም። ሥራው ዛሬም ለፈለገው ሁሉ ክፍት በመሆኑ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ዓለም የሚያውቀው ታዬ አልሞተም፤ የሞተው የኔው ነው።

ለሃያት መሞቱን ብቻ ነገርኳት። «ውይ እትዬ!» ብላ ደነገጠች። ጽሑፏ ውስጥ ስሙን እንደምትጠቅሰው ስትነግረኝ፣ «እባክሽ፣ ከስሙ ፊት ነፍስ ኄር በይልኝ» አልኳት።

ስልኳ ላይ የጸሐፊ ስም የሚሞላበትን ቅጽ ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተች።

«እትዬ፣ ለሱ ቦታ የለውም» አለችኝ።