የእትዬ ዘይነባ ሂና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ

ሚኒባሱ ከመገናኛ ሲነሳ ከተማው ገና አልነቃም። አራት ነን፦ ሾፌራችን ጋሽ ታደለ፣ ፎቶ አንሺው ዮናስ፣ ሞዴሏ ሊዲያ፣ ሜካፕ የምሠራው እኔ። ሥራው ለአንድ ማሾ ላኪ ድርጅት የሚሆን ፖስተር ነው። ከላይ ፈገግ ያለች ገበሬ፣ ከታች ማሾ የሚለቅሙ እጆች። ገበሬ የምትሆነው ሊዲያ ናት፤ የእኔ ድርሻ የቆላ ሰው ማስመሰል ነው።

ጋሽ ታደለ የበረዶ ሳጥኔን ሲጭኑ፣ «ሥጋ ነው የያዝሽው?» አሉኝ።

«ቅባት ነው ጋሼ። ሸዋ ሮቢት ላይ ይቀልጣል።»

«እዚያ የማይቀልጥ ምን አለ? እኛም እንቀልጣለን።»

ረፋድ ላይ፤ ደብረ ሲና

ደብረ ብርሃን ላይ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ነበር። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤ ይከብደኝ ጀመር። ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች መስኮታችንን ከበቡት። አንዷ እፍኝ ቆሎ ዘርግታ፣ «ቅመሺ እንጂ፣ ምን ያስፈጥጥሻል?» አለችኝ። የማየው ቆሎውን ሳይሆን ጣቶቿን ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የማነበው የሰው ቆዳ ብቻ ነበር። ልማዱ አልለቀቀኝም።

ከዚያ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች፣ የማንጎ ዛፎች፣ ከአስፋልቱ ዳር ግመሎች፣ በመስኮት የሚገባ ትኩስ ነፋስ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ

ፎቶ የምናነሳበት ማሳ የእትዬ ዘይነባ ነው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ዮናስ ካሜራውን ሲያቆም አዩትና፣ «አሁን ልትለቅሙ?» አሉ።

«አዎ፣ ፀሐዩ ጥሩ ነው።»

«ለማን ነው ጥሩ? ማሾ በጤዛ ነው የሚለቀመው ልጄ። አሁን ብትነካው ይፈነዳል።» አንዱን የደረቀ ማሾ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ጠሽ ብሎ ፍሬው መሬት ላይ ተበተነ። «ይኸውልህ። ከአፈር ልትለቅመው ነው።»

ሌላም ጥፋት ነበረን። ሊዲያ ሐሙስ ዕለት ያስለጠፈችውን ረጃጅም ጥፍር ይዛ መጥታለች። ስለ ፊቷ እንጂ ስለ እጇ የነገራት የለም፤ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የዮናስ ዓይን ወደ እትዬ ዘይነባ እጅ ሄደ። የእኔም። አውራ ጣታቸው ስንጥቅጥቅ ብሏል፣ የሌባ ጣታቸው ጎን ጠንክሮ ጠቁሯል። እንዲህ ያለውን በብሩሽ ለመሥራት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።

«ነገ በጠዋት የእርስዎን እጅ ብናነሳስ?» አላቸው ዮናስ።

«ፊቴስ?»

«ፊት ተመርጧል። እጅ ብቻ ነው።»

«ኢንሻአላህ» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት

ጤዛው እግራችንን አረጠበው። እትዬ ዘይነባ ንጹሕ ቀሚስና ሻሽ ለብሰው መጡ። እጃቸውን ሲዘረጉልን ዮናስ ጭንቅላቱን ያዘ። ጣቶቻቸው እስከ አንጓቸው ድረስ በሂና ቀልተዋል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«የሚታየው እጅ ብቻ ነው አላልከኝም? አሳመርኩት። በፌስታል ጠቅልዬ ነው ያደርኩት፣ ወላሂ።»

ሊዲያ ሳቀች። ዮናስ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሸፍኚው» አለኝ።

መሸፈን እችላለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና በአውራ ጣታቸው ጀመርኩ። ቅላቱን የሚያጠፋ አረንጓዴ ቅባት፣ በላዩ ቡናማ፣ ከዚያ ስንጥቆቹን በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ። ጣቱ ልክ ትናንት እንዳየሁት ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ጣታቸውን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ይቺ የትናንቷ ጣቴ ናት፤ ያሳመርኳትማ ጠፋች። ትናንት መቼ አነሳችሁኝ?»

ብሩሼን አስቀመጥኩ።

«ስሙኝ» አሉ። «ማሳው የእኔ፣ እጁም የእኔ ነው። ፊቴ ከገባ እጄም ይገባል። ካልገባ ልቀቁኝ፣ ልልቀምበት፤ ፀሐይዋ እየመጣች ነው።»

በሰው ሥራ ገብቼ አልናገርም። ያን ቀን ግን፣ «ዮናስ፣ ሙሉ እሳቸውን አንሳ» አልኩ።

«ድርጅቱ ባይፈልገውስ?»

«እጃቸውም ይቅርበታ።»

«ሰማህ? ዝምተኛዋ ተናገረች!» አሉ እትዬ ዘይነባ። ዮናስ ምሥራቁን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «እሺ፤ ከነፊትዎ፣ ፎቶውን ሳልቆርጥ፣ ቃሌ ነው» አላቸው።

ወደ ማሳው ገቡ። ሁለት እጃቸው ሳይነጋገር ይሠራል፤ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው፣ እጃቸው ማሾው ላይ። ሊዲያ ጆንያውን ይዛ ከኋላቸው ትራመዳለች። ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርሱ ቀለሜ እየተፋቀ ሂናው ብቅ ማለት ጀመረ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወደ ላይ

ጣርማበርን ስንወጣ ዮናስ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ ከፍቶ ነበር። ዓይኔን ጣል ሳደርግ የቀላው እጅ ብቻውን ማያውን ሞልቶታል። ፊት የለም።

«ቃል ሰጥተሃቸዋል» አልኩት።

«ለሙከራ ነው። እሳቸው የት ያዩታል ደግሞ?»

«እኔ አየሁት።»

ጋሽ ታደለ በመስታወቱ ተመለከቱት። ዮናስ ተነፈሰና ወደ ሙሉው መልሶ ከሌሎቹ ፎቶዎች ጋር ለድርጅቱ ላከው። መልሱ ደብረ ብርሃን ላይ ደረሰን፦ «ሴትዮዋ ይቅሩ፤ ልጅቷ ከነጆንያው ትበቃለች።»

ለእትዬ ዘይነባ ራሴ ደወልኩ። ከሌላ ሰው እንዲሰሙ አልፈለግኩም። ድርጅቱ እንዳልፈለጋቸው ነገርኳቸው።

«እጄን ብቻ አልወሰዱም አይደል?»

«አልወሰዱም እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ፎቶውን ለእኔ ላኪልኝ። ከነፊቴ።»

ሰኞ፤ አዲስ አበባ

ፎቶውን ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ ሊስቁ ሲሉ ነው የተያዙት፤ አውራ ጣታቸው ላይ ግማሹ የእኔ ቀለም ነው፣ ግማሹ ሂና። አታሚዋ ማያዋን እያየች፣ «ጎን ጎኑ ባዶ ነው፤ ልከርክምልሽ?» አለችኝ።

«እባክሽ፣ ቅንጣት ታህል እንዳትቆርጪ» አልኳትና እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ።