ለጀልባው ሞተር የጠበቅሁት ውሃ

አጎቴ መካነ ሰላም ላይ የነበረው ወፍጮ የሚዞረው በጀልባ ሞተር ነበር። ጣና ላይ አገልግሎ ያረጀ ሞተር ነው አሉ፤ አንድ የደሴ መካኒክ አድሶ፣ ወፍጮ እንዲያዞር አድርጎ ሸጠለት። ወሎ በረሃብ የተመታበት፣ ንጉሡ ወረዱ ሲባልም በሬዲዮ የሰማንበት ዘመን ነው። የእርዳታ ስንዴ ይታደል ስለነበር ከወግዲም ከከላላም በኩል የመጣው ሰው ድርሻውን በነጠላው ቋጥሮ እኛ ደጅ ይሰለፋል። ወፍጮው ካልዞረ ስንዴውን እንዳለ ይቆረጥማሉ፤ በረሃብ የደከመ የሕፃን ሆድ ደግሞ ያን አይችልም። ሕፃናቱን ምን እንደሚያደርጋቸው በዓይናችን አይተናል።

የኔ ሥራ ውሃ ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ አጎቴ ቤት ገባሁ፤ ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ከሚዛኑ ይልቅ በርሜሉ ተሰጠኝ። በርሜሉ ከሞተሩ ጎን ይቆማል። ፓምፑ ቀዝቃዛውን ውሃ ስቦ በሞተሩ ውስጥ ያዞረውና ትኩሱን በቱቦ ወደ በርሜሉ ይመልሰዋል። ምንጩ ቀጥኖ የሴቱ ሰልፍ ዳገቱን ሲይዝ እንኳ፣ "የወፍጮው ውሃ ነው" እየተባለ እኔ ከሁሉ ፊት እቀዳ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሞተሩ ግን ይነሣና ጥቂት ፈጭቶ፣ ግሎ ቀጥ ይላል። አጎቴ መጀመሪያ ናፍጣውን ጠረጠረ፤ በጨርቅ እያጠለልን ሞላነው። ያው ቆመ። መካኒኩ ከደሴ ተጠርቶ መጣና የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ከሥሩ የተቃጠለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን ለወጠ። ዞረልን ብለን ሳንጨርስ ቆመ። ፓምፑን ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ። ደግሞ ቆመ። ድምፁ በተቋረጠ ቁጥር ከሰልፉ ግማሹ "ያ አላህ!" ግማሹ "እመብርሃን!" ይላል።

በመጨረሻ መካኒኩ መፍቻውን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የሞተሩን ዙሪያ ዝም ብሎ ያይ ጀመር። ሴቶቹ ቅላቸውንና ጣሳቸውን ቱቦው አፍ ላይ እየደቀኑ ትኩሱን ውሃ ይወስዳሉ። ማገዶ የላቸውም፤ ተራቸው እስኪደርስ ጥቂት ስንዴ ዘፍዝፈው ለልጆቻቸው ያለሰልሱበታል። እኔ ሁልጊዜ አያቸው ነበር። ውሃ የለመነን መመለስ በኛ አገር ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ሐራም ነው፤ እኔ ደግሞ "ተዉ" የምትል ምላስ የለኝም። ሞተሩን ይጎዳል ብሎ ያሰበም ሰው አልነበረም።

"ተገኘ!" አለ መካኒኩ እየሳቀ። "ይሄ ሞተር ሐይቅ ለምዷል፤ ጣና አያልቅበትም። እዚህ በጣሳ ትጨልፉበታላችሁ፣ በርሜሉ ሲጎድል ፓምፑ ነፋስ ይጠጣል።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ፣ ጀልባዬን ደረቅ መሬት ላይ ስታሰምጪ ነው የከረምሽው?"

"ለመኑኝ፣ ጋሼ።"

"ከእንግዲህ ማንም ይለምንሽ፣ ጠብታ እንዳትሰጪ። ለነሱው ብዬ ነው።"

ለነሱው መሆኑ እውነት ነበር። በማግስቱ ጠዋት በርሜሉን ሞልቼ ቱቦው አጠገብ ቆምኩ። የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ አንዲት አሮጊት ጣሳቸውን ዘረጉ።

"ትንሽ ለዚህ ልጅ፣ የኔ እናት።"

"አይቻልም፣ እማማ። ሞተሩ ይቆማል።"

"ሞተሩም ይጠማል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያ ይጠጣ። አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" ብለው ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። ያ "አብሽሪ" ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ከሳቸው ኋላ የመጡትንም መለስኩ፤ አንገቴን ደፍቼ ራሴን ብቻ እየነቀነቅሁ።

ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ዋለ። የሁሉም ስንዴ ተፈጨ፤ አጎቴ በደስታ መካኒኩን አቀፈው። እኔ አላቅፍ አልስቅ፣ በርሜሌ ጎን ቆሜያለሁ። አሮጊቷ ዱቄታቸውን ተቀብለው ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ልጁ ደረቁን ዱቄት እየላሰ ያስል ነበር።

"ዱቄቱንስ አገኘን፣ አላህ ይስጣችሁ" አሉኝ ቀና ብለው። "በምን ልበጥብጠው?"

ምንጩ ጋ ሰልፉ አላለቀም። በርሜሉን ካጎደልኩት ነገ ከሰልፈኛው ፊት ቆሜ የምተካው ከነዚያው ሴቶች ውሃ ነው። ጣሳቸውን ተቀብዬ ከበርሜሉ ጨለፍኩበት፤ ውሃው ለብ ያለ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

ዱቄታቸውን ይዘው አጠገባቸው የተቀመጡት ይህን አይተው ጣሳቸውን እያነሡ ሲመጡ በርሜሉን ከደንኩት።