የቲቸር ቶሌራ ስኩተር ወደ ጌዶ የሄደችበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከአምቦ ወደ ጉደር ስወርድ አንድ ፒክአፕ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ጀርባው ላይ ቀይ ስኩተር ቆማለች። ወገቧን በአንድ ቀጭን ገመድ ታስራ፣ መንገዱ ባነሳትና ባወረዳት ቁጥር እንደ ሰከረ ሰው ትወዛወዛለች። ጥሩምባ ነፋሁ፣ መብራት አበራሁ፣ በመጨረሻ ሹፌሩ ቆመ። ወጣት ነው። የገጨሁት መስሎት ተቆጥቶ ወረደ፤ ገመዱን ሳሳየው ግን ራሱን አከከ። መኪናዬ ውስጥ ካለው ገመድ አምጥቼ አብረን አጥብቀን አሰርናት። እሱ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ሞተሬን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ያ ቁልቁለት ለእኔ እንዲሁ የሚታለፍ ቁልቁለት አይደለም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። አጎቴ ከጉደር ሽንኩርት የሚያመጣባት አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ነበረችው፤ ወገቡን ሲያመው ቁልፏ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ዕድሜ የመኪና ቁልፍ ኪሱ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። የሚጫን ባይኖርም ቁልፉን ጣቴ ላይ እያሽከረከርኩ ከተማውን እዞር ነበር። ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ቲቸር ቶሌራ ጎረቤታችን ናቸው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምረውኛል። በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው ግራ እግራቸው ስለማይታዘዛቸው በክራንች ነው የሚሄዱት። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ የሚያደርሳቸው ግን ስኩተራቸው ናት። አንድ የአምቦ መካኒክ ከኋላ ጎማዋ ግራና ቀኝ ወጣ ያሉ የብረት ክንዶች በይዶ፣ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች አስሮላቸዋል፤ እንዳትወድቅ። ክራንቹን ከመቀመጫው ጎን ሰክተው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ሲያልፉ ከሩቅ ይታወቃሉ። ስኩተሯ ላይ ሆነው ማንም አይቀድማቸውም፤ ማንም ቆሞ አይጠብቃቸውም።

በዚያ ክረምት ወደ ጌዶ ተዛወሩ። ባለቤታቸው እዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለነበሩ ዝውውሩን ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። ችግሩ ስኩተሯ እንዴት ትሂድ የሚለው ነበር። እየነዷት እንዳይሄዱ መንገዱ ረጅም ነው፤ ከጉደር በኋላ ያለውን ዳገት ደግሞ ያቺ ደካማ ሞተር አትችለውም። ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ "አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ትጫን" ይላል፤ ሌላው "ፈታተው በጆንያ ይላኳት" ይላል። አንድ ጎረቤት ጭራሽ በባጃጅ ያስጎትቷት አላቸው። ቲቸር ግን ወለሉ ሰፊ የሆነ ኢሱዙ እስኪገኝ እጠብቃለሁ ብለው ተቀምጠዋል።

"ቲቸር፣ እኔ እያለሁ ኢሱዙ ለምን?" አልኳቸው አንድ ቀን። "የአጎቴ ፒክአፕ አለች አይደል? በነፃ አደርስልዎታለሁ።"

ወደ ፒክአፗ አዩ። ከዚያ ስኩተሯን አዩ።

"አትጠብም?" አሉኝ። "ለክተሃታል?"

"ለእኔ ይተዉት! እርስዎ በሚኒባስ ተመችቶዎት ይሂዱ። ጌዶ ላይ ዕቃዎን ቆጥረው ይረከቡኛል።"

እንደገና ወደ ፒክአፗ አዩና "እሺ፣ ኢልማ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። እንዲያ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

የሄድነው በጳጉሜ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ዳር ዳሩ ጭቃ ነበር፤ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ፣ በየበሩ የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። ቲቸር ሚኒባስ ሊሳፈሩ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ነገሩኝ። የጌዶው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ደውሎላቸው ኖሯል። ክፍሎቹ ዳገት ላይ ናቸው፣ ጭቃው ከባድ ነው፣ ስለዚህ ማስተማሩ ቢቀርና ቢሮ ሆነው ፋይል ቢይዙ ይሻላል ብሎ እንዳሰበ ነግሯቸዋል።

"ለእኔ አስቦ ነው" አሉ እየሳቁ። ዓይናቸው ግን አይስቅም። "ዛሬ ምዝገባ ስላለ ግቢ ውስጥ ነው። በስኩተሬ ዳገቱን ወጥቼ በሩ ላይ ሲያየኝ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

እኔ ጭነቱን ቀጠልኩ። በእርግጥም ፒክአፗ ጠበበች፤ ትናንሾቹ ጎማዎች በግራና በቀኝ ግድግዳዋ መሐል አልገባ አሉ። ብሎናቸውን ፈታሁና አወጣኋቸው። ስኩተሯን በመሐል ማቆሚያዋ አቆምኩ፤ በአንድ ወገን የቲቸርን ፍራሽ፣ በሌላው ወገን የመጽሐፍ ካርቶኖቻቸውን አስደገፍኩ፤ በመቀመጫዋ ላይ አንድ ገመድ አሳልፌ ቋጠርኩ። ገፋ አድርጌ ሞከርኳት። ቆማለች። ሬዲዮ ከፍቼ ተነሳሁ።

ወደ ጉደር በሚወስደው ቁልቁለት አንድ ኩርባ ላይ አህዮች መንገድ ሲያቋርጡ ደረስኩ። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ የሚንሸራተት ብረት፣ ከዚያ የሚሰበር መስታወት።

ወርጄ ሳይ ስኩተሯ በግራ ጎኗ ተጋድማለች። ቤንዚን ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል። የፊት ፍሬን መያዣዋ ተሰብሯል። የግራው የብረት ክንድ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ትንሿ ጎማ ከእንግዲህ ቦታዋ ላይ አትገባም። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቲቸር አይደለም፤ እውነቱን ልናገር። ጉደር ገብቼ በድብቅ አስጠግኜ፣ እንዳልተነካች አድርጌ ማስረከብን ነው ያሰብኩት።

ጊዜ አላገኘሁም። ከላይ አንድ ሚኒባስ መጣ፤ አልፎኝ ጥቂት ሄደና ቆመ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ክራንች ወጣ።

ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ በካፊያው ውስጥ ቀስ ብለው እስኪመጡ ቆሜ ጠበቅኩ። ሄጄ ልደግፋቸው እንኳ አቃተኝ።

"ተጎዳህ?" አሉኝ።

"አልተጎዳሁም ቲቸር።"

"ሰው ገጨህ?"

"አልገጨሁም።"

ከዚያ በኋላ ነው ስኩተሯን ያዩት። እጃቸውን ዘርግተው የታጠፈውን ብረት ዳሰሱት፤ የታመመ ልጅ እንደሚዳሰስ። ከዚያ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሚኒባሱ ጥሏቸው ሄደ።

"ቲቸር፣ ልረዳዎት ፈልጌ ነው" አልኩ። 

"አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሊረዳኝ ይፈልጋል፤ ሌሊሳ።" በስሜ ሲጠሩኝ አንገቴን ደፋሁ። "ይህችን ስኩተር አራት ጊዜ በመኪና አጓጉዣታለሁ። አንድ ጊዜም ወድቃ አታውቅም። እንዴት ትታሰራለች ብለህ አልጠየቅኸኝም እኮ።"

ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንባዬ መጣ። እሳቸው ያንን ሲያዩ ክራንቻቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

"ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ። ብረት ነው፤ ይቃናል። በል ወደ ጉደር ንዳ።"

ጉደር ላይ አንድ በያጅ የታጠፈውን ክንድ በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ እየመታ አቃናው። ቲቸር አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው "ትንሽ ወደ ውጭ፣ በቃ፣ አሁን ቀጥ ብሏል" ይላሉ። የፍሬን መያዣው ግን ጉደር ውስጥ አልተገኘም። ከብስክሌት ጠጋኝ አንድ አሮጌ የብስክሌት ፍሬን መያዣ አስመጡና፣ የፍሬኑን ሽቦ ራሳቸው በፒንሳ አሳጥረው ገጠሙት። ፌስታላቸውን ከፍተው ጭኮ አወጡ። ገብሱ በቅቤ የራሰ፣ በእጅ የሚቆረስ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፤ ቆርሰው አጎረሱኝ።

ያን ጊዜ ነው ወደ ጌዶ ከብት ሊጭን ባዶውን የሚሄድ ኢሱዙ ያገኘነው። ሹፌሩ ኦቦ ረጋሳ የሚባሉ ጎልማሳ ናቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ "እሺ፣ ግን አስሯት፤ እኔ ኃላፊነት አልወስድም" አሉ።

"ቲቸር፣" አልኩ፣ "እንዴት እናድርግ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እንደ ጥንቱ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆሙ ሆነው ጀመሩ። ኢሱዙው ኋላውን ከፍ ካለ የመንገድ ዳር አፈር ጋር እንዲያስጠጋ አደረጉ፤ ሁለት ሳንቃ ዘረጋንና ሳንሸከማት ገፍተን አስገባናት። የፊት ጎማዋ ከፊት ግድግዳው ጋር ተገጠመ። ትናንሽ ጎማዎቿ ተመልሰው ታሰሩ፤ የኢሱዙው ወለል ሰፊ ነው። የቤንዚኑን መክፈቻ ዘጋሁ። ከመሪዋ ሁለት ገመድ ወደ ፊት ግራና ቀኝ፣ ከኋላዋ ሁለት ገመድ ወደ ኋላ ግራና ቀኝ ወሰድኩ። ገመዱ ቀለሟን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ጨርቅ ገባ።

"ሳብ! የፊት ሞላዋ ግማሽ እስኪወርድ ሳብ" ይሉኛል ከታች። "ስትዘል ገመዱ ይላላል። ሞላዋ ካልዘለለ እሷም አትዘልም። ይህን ዘጠነኛ ክፍል ነግሬህ ነበር፤ አንተ በመስኮት ታያለህ።"

ኦቦ ረጋሳ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቲቸር ከእኔ ጋር ፒክአፗ ውስጥ ገቡና ኢሱዙውን ተከትለን ወጣን። ዳገቱ ላይ ጉሙ ወረደብን። ስኩተሯ ከፊታችን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ግማሽ መንገድ ላይ አስቁመን ገመዶቹን ደግሜ አጠበቅኩ፤ እውነትም አንዱ ላልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ስኩተሯ አላወራንም። ባለቤታቸው ጌዶ ብርድ ነው ብለው ወፍራም ጋቢ እንደገዙላቸው ነገሩኝ።

ትምህርት ቤቱ አጠገብ ስንደርስ ለምዝገባ የመጣ ሰው ከበበን። አራት አምስት ጎረምሶች ኢሱዙው ላይ ዘለው ስኩተሯን ሊያነሱ ሲሉ እጄን ዘርግቼ ከለከልኳቸው። "ቆዩ! ባለቤቷ ይናገሩ።" ቲቸር ከታች ሆነው አንዱን ገመድ አስቀድመው፣ አንዱን አስከትለው አስፈቱን፤ በሳንቃው ላይ አወረድናት። ተቀመጡባት። ሞተሯ ሦስት ጊዜ አስቸገረች፤ በአራተኛው ተነሳች። ያንን ጭቃማ ዳገት ስትወጣ ግራ ጎማዋ ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም ከኋላዋ በእግሬ ተከተልኩ። ወጣች።

ርእሰ መምህሩ ቢሮው በር ላይ ቆሞ አያቸው። ሰላም ሊላቸው እጁን ዘረጋ። ቲቸር ጨበጡትና "የእኔ ክፍል የትኛው ነው?" አሉ። ሰውየው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ወደ ላይኛው ሕንጻ ጠቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እኔ አሁን በአምቦና በአካባቢው የቤት ዕቃ አጓጉዛለሁ፤ ፍሪጅም፣ ቁም ሣጥንም፣ ሞተር ሳይክልም። ቲቸር ቶሌራ ዛሬም ጌዶ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ያን ወጣት ከሸኘሁ በኋላ እዚያው መንገድ ዳር ሆኜ ደወልኩላቸው። ያን ቀን በአግባቡ ይቅርታ እንዳልጠየቅኋቸው ትዝ ብሎኝ ነበር። ይቅርታዬን ተናገርኩ።

 ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "እኔም ጥፋት አለብኝ፣ ኢልማ ኮ። እንደምትጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን በነፃ ላድርስልዎት ያለኝን ልጅ እንቢ ብል፣ ሰውየው ለውለታም አይመችም እንዳልባል ፈራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ እየፈራሁ እሺ ያልኩበት ነገር ብዙ ነው።"

ይህን አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ትምህርት ለእኔ ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ሰው የሚረዳውን ላለማስቀየም ብሎ የራሱን ዕቃ ሲወድቅ ያያል። ስለዚህ አሁን ደንበኛዬ "እሺ" ሲለኝ ቶሎ አልጭንም፤ ፊቱን አይቼ አንድ ጊዜ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።