«መጀመሪያ ባልየው ይመርመር»

ነፍሳቸውን ይማርና፣ የባለቤቴ አጎት ዲላ ውስጥ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ ደፋር ሰው ነበሩ። እኔ ሳልወልድ ስቆይ አማቴ ዘመድ ፊት «መካን አግብቶብን!» አሉ። አጎታችን የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

«የወንድ ዘር ሲሠራ ሽፋኑ ኮሌስትሮል ይፈልጋል። ማህፀን ከገባ በኋላ ደግሞ ከኮሌስትሮሉ ከፊሉን ካላራገፈ እንቁላሉ ውስጥ አይገባም። ይህ ሁሉ የወንዱ ሥራ ሆኖ ሳለ እሷ ብቻ ለምን ትወቀሳለች? መጀመሪያ ባልየው ይመርመር!»

ቤቱ ሁሉ አቀረቀረ፤ እኔ ግን ቀና አልኩ። ይቺኑ ቃል በየዘመዱ ቤት ሳይሰለቹ ይደግሟት ነበር።

ካረፉ ወዲህ፣ ባለፈው እሁድ ወናጎ ዘመድ ቤት ተሰብስበን፣ አንዲት የዘመድ ሚስት እንደ እኔው ስትታማ ሁላችንም እሳቸው ይቀመጡበት ወደነበረው ጥግ ዞርን። ባዶ ነው። ብድግ ብዬ «መጀመሪያ ባልየው ይመርመር!» አልኩ።