ለመርዶ ያስቀመጥነው ኮምፒውተር

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለ ኮምፒውተር ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ነገሩ የሆነው በእኛ ቤት ስለሆነ ግን ሌላ የሚጽፈው የለም።

መቀሌ ያለን የወሎ ሰዎች ቅሬ አለን። ሌላው ሰው ዕድር የሚለው ነው። አብዛኞቻችን በከተማው ሰሜን በኩል መጋዘን ላይ የምንጭን የምናወርድ፣ አለዚያም ጨርቅና ሸቀጥ የምንሸጥ ነን። ዘመዶቻችን ወሎ ናቸው። እዚያ ሰው ሲሞት መርዶውን የሚናገረው ቅሬው ነበር። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ሄደን፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከበነው እንነግረዋለን። ስልክ ሲበዛ ይሄ ተበላሸ። አንዷ ሴትዮ ገበያ መሐል ቲማቲም እያስመዘነች የወንድሟን ሞት በስልክ ሰምታ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ደሴ ካለው ቅሬ ጋር ተስማማን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ተጽፎ በኢሜል ወደ ቅሬያችን ይላካል፤ እኛ እንናገራለን።

ኮምፒውተሩን ያዘጋጀችልን የአንዱ አባላችን ሚስት ናት። የመቀሌ ልጅ ናት፤ ሓወልቲ አካባቢ ቢሮ ትሠራ ነበር። ኢሜል መቀበያውንም ኢንተርኔት መክፈቻውንም በነፃ ከሚገኘው ፕሮግራም አደረገችልን።

«ዋጋ የለውም፣ አቦይ» አለችኝ። «ሠርተው ለሰው የሚሰጡ ሰዎች አሉ።»

«ምን ሊያገኙ?»

«እናንተስ መቃብር ስትቆፍሩ ምን ታገኛላችሁ?»



ባሏ የሥራ ዝውውር ደርሶት ከከተማው ሲወጡ ስብሰባችን ላይ መጣች። ፕሮግራሙ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የሠሩት ሰዎች አሮጌውን ዕድሜ ልክ አይጠብቁትም፤ አዲሱ ደግሞ በዚህ ኮምፒውተር አልሠራም ሊል ይችላል፤ ስለዚህ የሚከታተል ሰው መድቡለት አለች። ለድንኳኑ ሰው መድበናል። ለድስቱ፣ ለአግዳሚው፣ ለቃሬዛው መድበናል። ለዚህኛው ግን ሳቅ መጣብን። አንዱ «ሣር ነው የሚበላው ጭድ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። እኔም የሚሠራ ነገር አይነካካም አልኩ። ዛሬም የሚሠራ ነገር ሲነካካ አልወድም። እሷ ያለችው ግን ጠብቁት ነው እንጂ ነካኩት አልነበረም።

ቆይቶ ኮምፒውተሩን ስንከፍት ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሳጥን ብቅ ማለት ጀመረች። ጥጓ ላይ ያለችውን ምልክት ሲነኳት ትጠፋለች፤ እንነካታለን። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ መምጣቱ ቀረ። አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ እየከፈትን፣ ባዶ ስናገኘው «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ሞት ቀለል ብሏል» እንባባል ነበር። ዱዓ አድርገን እንበተናለን። ሌላ ሰው ደብዳቤ ሲቀርበት ይጠረጥራል። እኛ የምንጠብቀው ሞት ስለሆነ፣ መቅረቱን አመሰገንን።

አንድ ጓደኛዬ መጋዘን ጫኝ ነው። እናቱ ወሎ ገጠር ነበሩ። ለዒድ ሊወስድላቸው ሻሽ ገዝቶ ለሁላችንም አሳይቶናል። አንድ ቀን ጆንያ ተሸክሞ ከመኪና ሲወርድ፣ ከደሴ የመጣ የመኪና ረዳት «እናትህን አላህ ይርሐማቸው። ቀብራቸው ላይ ሳጣህ ገርሞኝ ነበር» አለው። ረዳቱ ጓደኛዬ መርዶውን የሰማ መስሎት ነው። ዘመዶቹም ቅሬው ነግሮታል ብለው፣ ሳይመጣ ሲቀር ተቀይመውታል።

ኮምፒውተሩን ላዘጋጀችልን ሴትዮ ደወልኩላት።

«አቦይ፣ ስትከፍቱት የሚወጣ ጽሑፍ አለ?»

«አለ። ሁልጊዜም አለ።»

«ምን ይላል?»

«እንጃ። እንዘጋዋለን።»

አስረዳችኝ። ሠሪዎቹ የእኛን ዓይነት አሮጌ ፕሮግራም መጠበቅ ካቆሙ ቆይተዋል። ኢሜሉን የሚያስቀምጠው ድርጅት ደግሞ ቁልፉን ቀይሯል፤ የእኛው አሮጌ ፕሮግራም ቢያንኳኳም አይከፈትለትም። በኢንተርኔት መክፈቻው ሞክሩ አለችን። እሱም አርጅቶ ነጭ ገጽ ብቻ አሳየን። ሓወልቲ ኢንተርኔት ቤት ሄደን ስናስከፍት ደብዳቤዎቹ ተደርድረው ቆመዋል። የጓደኛዬ እናት መርዶም መሐላቸው ነበር። «አደራ፣ ሸክም ላይ ሳለ እንዳይሰማ» ይላል።

በማግስቱ እንደ ደንባችን ጎህ ሲቀድ ጓደኛዬ ቤት ሄድን። በሩን ከፈተ።

«ምን ልትነግሩኝ ነው?» አለን።

አስገባንና ተቀመጥን። አንዱ ሊያጽናናው ብሎ «ጥፋቱ ያንን ነገር ሠርተው የተዉት ፈረንጆች ነው» አለ።

«ፈረንጆቹ ምን አደረጉ?» አለ ጓደኛዬ። «በነፃ ሰጧችሁ፣ ከዚያ ደከማቸው። እኔ የእነሱ ቅሬ አባል አይደለሁም። የእናንተ ነኝ።»

ሲሸኘን ለዘመዶቹ ከእንግዲህ በስልክ ንገሩኝ እንደሚላቸው ነገረን። ሸክም ላይም ቢሆን።

ስለ እነዚያ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እንደኛው ከየሥራቸው ሰዓት እየቆረሱ የሚሠሩ ሰዎች ይሆናሉ። ነፃ ሲባል ባለቤት የሌለው፣ እንደ ወንዝ ዝም ብሎ የሚወርድ መስሎን ነበር። ቅሬ ያለው ሰው ይሄን እንዴት ይስታል? የእኛም ድንኳን የሚተከለው የሚተክለው ሰው ስለሚመጣ ነው።

ሌሎቹም አባሎች እሱን አይተው መርዶን በስልክ አደረጉት። እኛ ሌላ ኮምፒውተር ገዛን፤ አዲሱን ፕሮግራም አስጫንን፤ የሚያድሰውና የሚወጣውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው መደብን። አርብ አርብ ይከፈታል። ደብዳቤ የሚልክ ግን የለም። የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም የሞተ ጊዜ የሰማነው ከእሱ ከራሱ ነው። ስንደርስ መጋዘኑ በር ላይ፣ ስልኩን እንደያዘ፣ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።