የሰፊው በር ደንበኛ

ሴትዮዋ ስልሳን ያለፉ ናቸው፤ ክንዳቸው ግን የወዛደር ክንድ ይመስላል። እኔ በምሸጥበት መኪና መሸጫ ውስጥ የቀይዋን የስፖርት መኪና በር ከፍተው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካሉ።

"እማማ፣ ለየቀኑ ከሆነ ባለ አራት በሩ አይሻልዎትም?" አልኳቸው።

"የእሱ በር ጠባብ ነው። ልጄን ከተሽከርካሪ ወንበሩ አንስቼ የማስገባው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ረጋ ያለች ላሳይዎት፤ ይቺ እኮ በራሪ ናት!"

"አውቃለሁ። ሁለት እግሩን ያጣው እንዲህ ያለችውን ሲያበር ነው።"

እሳቸው ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣም ብሎኝ ነበር። ትናንት፣ 'በእንደዚያችው ከሆነ እወጣለሁ' አለኝ።"

መኪናዋ ውስጥ ገብተው የሾፌሩን ወንበር ወደ መሪው አስጠጉ።

"መሪው ግን በእኔ እጅ ነው። በል፣ ማርሹን አሳየኝ።"