በበርሜል ላይ የተጓዘ ቡና

ጣሊያን ጎንደር በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቡና ልሸጥ ወደ መተማ ወረድሁ። ቡናው የዘጌ ነበር። አስለቅሜ፣ አስቆልቼና አስወቅጬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ በክር አሰርሁት። ቆላ ወርዶ መንገድ የሚሠራ ሰው ቡና ለመቁላት ጊዜ የለውምና ጥቅሉን ፈትቶ ያፈላዋል ብዬ ነው። ሐሳቡ ደኅና ነበር። ያበላሸሁት ጭነቱን ነው።

ለሁለት በቅሎ ኪራይ ስድስት ብር ተጠየቅሁ። ወደ መተማ የቤንዚን በርሜል የሚያደርስ አንድ የካሚዮን ሾፌር ግን በአንድ ብርና በሁለት ጥቅል ቡና እኔንም ጭነቴንም ሊወስድ ተስማማ። ጥቅሎቹን የሞላሁባቸውን ሁለት ጆንያዎች በርሜሎቹ ላይ አስቀምጬ እኔም ከላይ ተቀመጥሁ፤ በብልጠቴ እየተደሰትሁ።

አይከል

እስከ አይከል ብርድ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፀሐዩ ጠና። ጉድጓድ በገባን ቁጥር በርሜሎቹ ይንገጫገጫሉ፤ ከክዳናቸው ሥር ቤንዚን ያዣል። ሽታው ራሴን ቢያዞረኝ ጋቢዬን አፍንጫዬ ላይ ጠመጠምሁ። ለአፍንጫዬ ያሰብሁትን ለቡናው አላሰብሁም።

ገንዳ ውሃ፣ በማግሥቱ

መንገድ ዳር ምግብ ከምትሸጥ ሴት የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላሁና፣ ገበያ ይከፍትልኛል ብዬ አንድ ጥቅል ሰጥቻት አፈላች። ፉት አለችና ሲኒውን አስቀመጠች።

«ጌታዬ፣ ይህን ለካሚዮኑ ያጠጡት።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ራሴ ስቀምሰው ግን ሳቄ ቆመ። አዝናልኝ ዝንጅብል ወቅጣ ብትጨምርበት ሽታው ትንሽ ሸሸ። እሷ አዘነችልኝ፤ እኔ ማታለያ ተማርሁባት።

መተማ

በሦስተኛው ቀን ረፋድ የቆየ ደንበኛዬ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑር ቤት ገባሁ። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን ነን፤ ሥጋችን ለየብቻ፣ ቡናችን አንድ ላይ ነው። ወንድ ልጁን ከዳረ ገና ወር አልሞላውም። ያን ቀን የባሏ ዘመዶች የሙሽራይቱን የፋጡማን ሙያ ሊያዩ ተሰብስበዋል፤ ለእነሱ ስታፈላ የመጀመሪያዋ ነው። ሐጂ፣ እንግዶቹ ከወደዱት ጭነቱን በሙሉ እገዛሃለሁ አለኝ።

ጥቅሉን ስሰጣት ዝንጅብል እንድታበዛበት ነገርኋት። ቡናው ለብቻው አይሻልም ወይ ብላ ጠየቀች። የጎንደር ወግ ነው አልኋት። ጎንደር እንዲያ ሲፈላ በዕድሜዬ አላየሁም።

አማቷ እትዬ ዘሃራ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ሲኒውን አራቁት።

«አንቺ ልጅ፣ ጀበናውን በምን አጠብሽው?»

በአሸዋና በፍል ውሃ አለች። እንደገና አጥባ፣ ከዚያው ጥቅል እንደገና አፈላች። ሁለተኛውን ግን የባሏ አክስት ቀድመው ቀመሱት።

«የፋኖስ ጋዝ የሞላችበትን እጅ ሳትታጠብ ነው እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቱ በሁሉ ፊት እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። እኔ ሲኒዬን እመለከት ነበር።

ሐጂ ኑር አፍሮ ወደ እኔ ዞረ። «ካሣ፣ ይቅር በለን። ያን የመሰለ ቡናህን አበላሸንብህ።»

«ምንም አይደል» አልሁ። በንግድ ዘመኔ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚህች ያለች ክፉ ቃል ግን ከአፌ ወጥታ አታውቅም።

እዚያው አድሬ በማግሥቱ ጠዋት ፋጡማን ጓሮ አገኘኋት፤ ጀበናውን ደግማ በአሸዋ ታጥባለች። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ ቡናው ከቤንዚን ጋር እንደመጣ ነገርኋት።

«ወረቀቱን አሽትቼ ትናንት አውቄዋለሁ» አለች፣ እጇን ሳታቆም።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኋት።

«እንግዳ ነዎት። ደግሞስ የሙሽራ ቃል ማን ይሰማል? እኔ የተሰደብሁት በሰው ፊት ነው፣ አያ ካሣ። በጓሮ ቢነግሩኝ ምን ይረባኛል? እናታችን እትዬ ዘሃራ ውስጥ ናቸው።»

እስከ በሩ ሄድሁ። ውስጥ የእትዬ ዘሃራና የአክስትዮዋ ድምፅ ይሰማል፤ ወሬው ያው የፋኖሱ ነው። እጄን መቃኑ ላይ አድርጌ ቆየሁና ተመለስሁ። ካሚዮን እየጠበቀኝ ነበር ብል ደስ ባለኝ። የሚጠብቀኝ ካሚዮን አልነበረም፤ በእግሬ ነው የወጣሁት።

ቡናውን በአህያ አስጭኜ ከከተማው ውጭ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደፋሁት። ጽድቅ አትቁጠሩልኝ፤ የገንዳ ውሃዋ ሴት ቀልድ ገበያ ደርሶ የሚገዛኝ ጠፍቶ ነው።

ጎንደር

ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተዳብዬ በስድስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ስለ ቡና የተማርሁት ይህን ነው፤ ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ስትገዙ ከማየታችሁ በፊት አሽትቱ። ጥሬውን አስቀምጡ እንጂ ዱቄቱን አታቆዩ፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ውቀጡ። የተወቀጠ ከተረፈ ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ደረቅ ዕቃ አድርጋችሁ ከፋኖስና ከሳሙና አርቁት። ይህን ለማወቅ መተማ ድረስ መውረድ አያስፈልግም ነበር፤ ባለቤቴ ታውቀዋለች፣ ሳልጠይቃት ነው የሄድሁት።

የቀረው በእጄ አይደለም። ወደ ሐጂ ኑር ደጅ እስካሁን አልተመለስሁም። ወደ መተማ የምትወርዱ ነጋዴዎች ግን እዚያ ቤት ታርፋላችሁ። እትዬ ዘሃራና አክስትዮዋ ባሉበት፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የፋጡማ እጅም ጀበናዋም ንጹሕ ነበር። ካሣ የሚለው ላይ ስትደርሱ ለእኔ አዝናችሁ እንዳትዘሉት።